ረሃብ የሰበሰባቸው፣ ትምህርት ያቆማቸው



ዛሬ የምናገረው በሕንድ አገር ለድሃ ልጆች ስለተከፈቱ ክርስቲያናዊ ማሳደጊያዎችና ትምህርት ቤቶች ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ማሳደጊያ የምትመሩ አላችሁ። በየወሩ ከደመወዛችሁ ቆርሳችሁ ለማታውቁት ልጅ የምትልኩ አላችሁ። አንድ ቀን ይህን ሥራ እጀምራለሁ ብላችሁ ቦታ የምታፈላልጉም ትኖራላችሁ። ሕንድ በዚህ ሥራ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይታበታለች፤ የቀናውም የከሸፈውም በጽሑፍ ስላለ መማር ለሚፈልግ ሰው ብዙ ነገር ይገኝበታል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የያዝኩትን አሳብ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ማደሪያ መስጠትና ማስተማር ሁለት ሥራ ነው። ማደሪያው ሰው ለሌለው ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለድሃ ልጅ ሁሉ። ሁለቱ ሲምታቱ እናት ያለው ልጅ እናቱን እያጣ ያድጋል። ይህ የሚሆነው በደግ ሰዎች እጅ ስለሆነ ማንም ቶሎ አይነቃበትም።

ታሪኩን ከፓንዲታ ራማባይ እጀምራለሁ። ረዘም ብዬ ብቆይባቸው ታገሡኝ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ጥያቄ ሁሉ በእሳቸው ሕይወት አልፏልና።

ራማባይ በ1858 ዛሬ ካርናታካ በሚባለው ግዛት፣ ጋንጋሙላ በተባለ ደን ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው አናንት ሻስትሪ ዶንግሬ ብራህሚን ከሚባለው ከፍተኛ የሂንዱ መደብ የተወለዱ የሳንስክሪት ሊቅ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሴት የቅዱሳት መጻሕፍትን ቋንቋ ስትማር ማየት ለብዙዎች ነውር ነበር። እሳቸው ግን ሚስታቸውን ላክሽሚባይን አስተማሩ፤ እናትም በተራቸው ልጃቸውን አስተማሩ። ቤተሰቡ ከቤተ መቅደስ ወደ ቤተ መቅደስ እየተጓዘ፣ ጥንታዊ መጻሕፍትን ለምእመናን እያነበበ፣ ሰሚው በሚሰጠው ምጽዋት ይኖር ነበር። የቆሎ ተማሪን ኑሮ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1870ዎቹ አጋማሽ ረሃብ ገባ። አባት ሞቱ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ እናት ተከተሉ፣ እህትም ተከተለች። ራማባይና ወንድማቸው ስሪኒቫስ በእግራቸው አገር ላገር ተንከራተው በ1878 ካልካታ ገቡ። የከተማዋ ሊቃውንት ገና ሃያ ዓመት የሆናትን ሴት ጠይቀውና አድምጠው በዕውቀቷ ስለተደነቁ «ፓንዲታ» እና «ሳራስዋቲ» የሚሉ ማዕረጎች ሰጧት። ብዙም ሳይቆይ ወንድማቸው ሞተ። ከእሳቸው መደብ ውጭ የሆነ ቤንጋላዊ ጠበቃ አግብተው ማኖራማ የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ፤ በ1882 መጀመሪያ ላይ ባላቸው በኮሌራ ሞቱባቸው። ራማባይ በሃያ ሦስት ዓመታቸው ሕፃን የታቀፉ መበለት ሆኑ።

በከፍተኛው መደብ ዘንድ መበለት መሆን ምን ማለት እንደነበር ልብ በሉ። ሴት ልጅ ገና በሕፃንነቷ ትዳራለች። ባሏ ቢሞት፣ አብራው ኖራ ባታውቅ እንኳ፣ ዕድሜ ልኳን መበለት ናት። ፀጉሯ ይላጫል፣ ጌጧ ይወሰዳል፣ እንደገና ማግባት አይታሰብም፤ በአማቶቿ ቤት እንደ እድለ ቢስ እየታየች ታገለግላለች። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ ወደዚህ ኑሮ ትገባ ነበር። ራማባይ ሥራቸውን የጀመሩት ለእነዚህ ነው።

በ1882 ፑኔ ከተማ ላይ የሴቶች ማኅበር አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት ትምህርትን ይመረምር ለነበረው የእንግሊዝ መንግሥት ኮሚሽን ቀርበው ሕንድ ሴት አስተማሪዎችና ሴት ሐኪሞች ያስፈልጓታል ብለው መሰከሩ። በ1883 ወደ እንግሊዝ ሄዱ። እዚያም ዋንቴጅ በሚገኝ የአንግሊካን ደናግል ገዳም ከልጃቸው ጋር ተጠመቁ። በ1886 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ስለ ከፍተኛ መደብ የሂንዱ ሴቶች ኑሮ የጻፉት መጽሐፍ በ1887 ታተመ። መጽሐፉ ብዙ ልብ ነክቶ ነበርና በቦስተን አንድ ማኅበር ተቋቁሞ ለመበለቶች ሊከፍቱ ያሰቡትን ትምህርት ቤት ለአሥር ዓመት ሊረዳ ቃል ገባ። አንድ ነገር ግን ተስማሙ፦ ትምህርት ቤቱ ሃይማኖት አይሰብክም። ልጃገረዶቹ የመደባቸውን ሥርዓት፣ የምግባቸውን ወግ፣ ጸሎታቸውን ይጠብቃሉ።

መጋቢት 1889 ትምህርት ቤታቸው «ሻራዳ ሳዳን» በቦምቤይ በሁለት ተማሪዎች ተከፈተ፤ በማግስቱ ዓመት ወደ ፑኔ ተዛወረ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ጎዱባይ የተባለች መበለት ነበረች። በ1893 ዶንዶ ኬሻቭ ካርቬ የተባሉት የሒሳብ መምህር አገቧት፤ እሳቸው በኋላ በሕንድ የመጀመሪያውን የሴቶች ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱ ሰው ናቸው። አንዲት የተማረች መበለት የት እንደምትደርስ ሕንድ ከዚህ ማየት ጀመረች።

እዚህ ላይ ዛሬ ድረስ ማሳደጊያ የሚመራ ክርስቲያን ሁሉ የሚገጥመው ነገር መጣ። ራማባይ ለማንም አይሰብኩም፤ ቃል ገብተዋል። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት በራሳቸው ክፍል ከልጃቸው ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ፣ ይጸልያሉ፤ በሩንም አይዘጉም። ልጃገረዶቹ አንድ ሁለት እያሉ ገብተው መቀመጥ ጀመሩ። ወሬው ፑኔን አዳረሰ። የብሔርተኛው መሪ የባል ጋንጋዳር ቲላክ ጋዜጣ «ኬሳሪ» አጥብቆ ወቀሳቸው። ምክር የሚሰጧቸው ታላላቅ ሰዎች፣ እነ ማሃዴቭ ጎቪንድ ራናዴና ባንዳርካር ጭምር፣ በ1893 ከቦርዱ ወጡ። ወላጆች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወሰዱ።

ስለዚህ በር ብዙ አስቤያለሁ። ራማባይን የሚወዱ ሰዎች «የራሷን እምነት በራሷ ክፍል መደበቅ ነበረባት ወይ?» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ማንም ሰው በቤቱ ለመጸለይ በር መዝጋት የለበትም። ራናዴና ባንዳርካር ግን የሴቶች ትምህርት ጠላቶች አልነበሩም፤ ለሴት ልጅ መማር የታገሉ ሰዎች ናቸው። የሚያስጨንቃቸው ነገር እውነተኛ ነበር። መጠለያዋም፣ ምግቧም፣ ትምህርቷም በአንዲት ሴት እጅ የሆነ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የዚያችን ሴት እምነት ስትከተል ምን ያህሉ የእሷ ምርጫ ነው? ጥያቄው በ1893 አልተመለሰም። በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1896 መካከለኛው ሕንድ ላይ ታላቅ ረሃብ ወደቀ። ራማባይ በልጅነታቸው የቀመሱት ነገር ነበርና ዜናውን ሰምተው መቀመጥ አልቻሉም። በእርዳታ ጣቢያዎችና በድሆች መጠለያዎች እየተዘዋወሩ፣ ቤተሰባቸው ያለቀ ልጃገረዶችን አዩ። የልጃገረዶቹን ረሃብ አይተው ለዝሙት ንግድ ሊወስዷቸው ያደፈጡ ደላሎችንም አዩ። ወደ 300 የሚሆኑ ልጃገረዶች ሰበሰቡ። ፑኔ ውስጥ ወረርሽኝ ስለገባ ባለሥልጣናቱ በከተማ እንዲያኖሯቸው አልፈቀዱም። ከፑኔ በስተምሥራቅ በባቡሩ መሥመር ኬድጋኦን በተባለ ቦታ የገዙት 100 ኤከር ገደማ እርሻ ነበራቸው፤ የተገዛውም የብርቱካን፣ የሎሚና የማንጎ ተክል ተክለው ትምህርት ቤቱን ከፍሬው ሊያስተዳድሩበት ነበር። ልጆቹን ወደዚያ ወሰዱ። ቦታው «ሙክቲ» ተባለ። በ1900 ደግሞ ረሃቡ ጉጃራትን ሲመታ ሌሎች መጡና የሙክቲ ነዋሪ ወደ 2,000 ተጠጋ።

ሁለት ሺህ ሰው ማለት ምን እንደሆነ ማሳደጊያ የሚመራ ሰው ብቻ በደንብ ይገባዋል። ውኃው፣ እንጨቱ፣ እህሉ፣ ሽንት ቤቱ፣ ቅማሉ፣ ተቅማጡ፣ ሌሊት እየቃዠ የሚነሳው ልጅ። ከረሃብ የወጣ ልጅ ምግብ ይሰርቃል፤ ከአልጋው ሥር ይደብቃል። ነገ ይኖራል ብሎ ስለማያምን ነው፤ በዱላ የሚድን ነገርም አይደለም። ብዙዎቹ ደግሞ ደርሰው እንኳ አልዳኑም፤ ሰውነታቸው አልቆ ነበርና ሞቱ።

ራማባይ ይህን ሁሉ ሕዝብ ያኖሩት ሠራተኛ በመቅጠር አይደለም። በሻራዳ ሳዳን የተማሩት መበለቶች አስተማሪ ሆኑ፤ ትልልቆቹ ልጃገረዶች ትንንሾቹን ያዙ። ከትምህርቱ ጎን ለጎን እያንዳንዷ ሥራ ትማራለች፦ እርሻ፣ ከብት ማርባት፣ ወተት፣ ዘይት መጭመቅ፣ ሽመና፣ ስፌት፣ ልብስ አጠባ፣ ሕትመት። ማየት የተሳናቸው በብሬል ይማራሉ። አስቡት፤ የብራህሚን ልጅ የሆኑት ራማባይ ልጆቻቸውን በገዛ እጃቸው እንዲሠሩ የሚያስተምሩት እጅን የሚያቆሽሽ ሥራ የዝቅተኛ መደብ ዕጣ ነው በሚባልበት አገር ነው። በሙክቲ ግቢ ውስጥ ከየመደቡ የመጡ ልጃገረዶች አንድ ጉድጓድ ውኃ ይቀዳሉ፣ አንድ ማዕድ ይቀርባሉ።

ራማባይ በመጨረሻ ዘመናቸው ዕብራይስጥና ግሪክኛ ተምረው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ማራቲ ተረጎሙ። የቆየው ትርጉም በሳንስክሪት ቃላት የተሞላ ነበርና ያልተማረች የገጠር ሴት ስትሰማው እንዲገባት ፈለጉ። ፊደሉን የለቀሙት፣ ገጹን ያተሙት የሙክቲ ሴቶች ናቸው። ማኖራማ በ1921፣ ራማባይ ራሳቸው ሚያዝያ 1922 ሞቱ፤ መጽሐፉ ግን በ1924 ወጣ። ከረሃብ ሜዳ አጥንቷ ቀርቶ የተነሳች ልጅ፣ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ አታሚ ሆነች። ከዚህ የበለጠ ስለ ትምህርት የምነግራችሁ የለኝም።

ልብ በሉ እንግዲህ፤ ሙክቲ ማደሪያ የሆነው የልጆቹ ቤተሰብ በረሃብ ስላለቀ ነው። የሚመለሱበት ቤት፣ የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረም። ቤተሰብ ባለቀበት ቦታ ማሳደጊያ ይፈለጋል፤ በዚህ ማንም አይከራከርም።

ከራማባይ ቀጥሎ አጭር ቃል ስለ ኤሚ ካርማይክል። በ1867 ሰሜን አየርላንድ ተወልደው በ1895 ሕንድ ገቡ። በ1901 ከቤተ መቅደስ ያመለጠች የሰባት ዓመት ልጅ ወደ እሳቸው መጣች፤ ለአማልክት ተሰጥታ ዕድሜዋን በዚያ ልታሳልፍ የነበረች ልጅ ናት። ከዚያ ወዲህ በታሚል አገር በዶናቩር መንደር ለእንደዚህ ዓይነቶቹ ልጆች ቤት ሠሩ። የማድራስ መንግሥት ልጃገረዶችን ለቤተ መቅደስ መስጠትን በሕግ የከለከለው በ1947 ነው፤ ካርማይክል ያን ለማየት ደርሰዋል፤ የሞቱት በ1951 ነውና።

ከዶናቩር የምወደው አንድ ነገር አለ። ልጆቹ ካርማይክልን «አማ» ይሏቸዋል፤ እናት ማለት ነው። ሕንዳውያን ሠራተኞችን እንደ ታላቅ እህት፣ ከውጭ የመጡትን እንደ አክስት ይጠሯቸዋል። «ማዳም» የለም፣ «ሚስ» የለም። የተወለዱበት ቀን ስለማይታወቅ ልጆቹ ወደዚያ ቤት የገቡበት ቀን ይከበርላቸዋል። ሠራተኞቹም ደመወዝ አይቀበሉም፤ ልጆቹ የሚበሉትን ይበላሉ። ይህን ሥርዓት ያየ ሰው ማሳደጊያን ቤት የሚያደርገው ሕንፃ እንዳልሆነ ይገባዋል። በሌላ በኩል ግቢው ከውጭው ዓለም በጣም የራቀ ነበር። ልጆቹን ከአደጋ ለመጠበቅ ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ገበያ ሄዶ ያልተከራከረ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ያልጠፋ፣ ከጎረቤት ጋር ተጣልቶ ያልታረቀ ልጅ ከበሩ ሲወጣ ይደነግጣል።

ሌላው መንገድ፣ ማደሪያ የሌለው ትምህርት ቤት፣ ከዚህ ሁሉ የቀደመ ነው። በሕንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ኬራላ አለች። እዚያ ኩርያኮስ ኤልያስ ቻቫራ የተባሉ ካህን ነበሩ፤ በ1805 ተወልደው በ1871 ያረፉ፣ በ2014 ሮም ቅዱስ ብላ የሰየመቻቸው። በ1846 ማናናም በተባለ ቦታ የሳንስክሪት ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1864 ደግሞ በሥልጣናቸው ሥር ላሉት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ፣ እያንዳንዱ ደብር አጠገቡ ትምህርት ቤት እንዲሠራ አዘዙ። በሩ ለዝቅተኛ መደብ ልጆች ጭምር ክፍት ነው።

የድሃው ልጅ ግን አይመጣም። ለምን? በቀን ሥራ ካልዋለ አይበላማ። ቻቫራ ይህን ስላወቁ ምሳ እንዲሰጥ አደረጉ። ገንዘቡ ከየት መጣ ትሉኝ ይሆናል። እያንዳንዷ የቤት እመቤት ሩዝ ልትቀቅል ስትሰፍር አንድ እፍኝ ለይታ በሌላ ማሰሮ ታስቀምጣለች፤ የተጠራቀመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ምሳው ከዚያ ነው። ልጁ ጠዋት ከእናቱ ቤት ይመጣል፣ ይማራል፣ ይበላል፣ ማታ ወደ እናቱ ይመለሳል። ከባሕር ማዶ የተላከ ነገር የለበትም። የሚሰጡት ሰዎች ራሳቸው ድሆች ናቸው፤ የሚበላውን ልጅ በስሙ ያውቁታል።

ሕንድ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደዚሁ አሳብ መጣች። የታሚል ናዱ ግዛት በ1982 የትምህርት ቤት ምገባን በሰፊው ዘረጋ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የበሰለ ምግብ እንዲሰጥ አዘዘ።

ኬራላ ለእኛም ሩቅ አይደለችም። በዕድሜ የገፋችሁት ታስታውሳላችሁ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከጎንደር እስከ ሐረር በየትምህርት ቤቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን ሕንዶች ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ፣ በ1947 መምህር ሆነው ኢትዮጵያ የመጡት ፖል ቨርጊስ፣ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆነዋል፤ ጵጵስና ሲሾሙ ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ የተባሉት እሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከእኛ ተዋሕዶ ጋር በአንድ እምነት ያለች ናት። የኬራላ አብያተ ክርስቲያናት እየተፎካከሩ በየመንደሩ ትምህርት ቤት ባይሠሩ ኖሮ ያ ሁሉ መምህር ወደ እኛ አይደርስም ነበር።

አሁን ወደ ዛሬው ሥራ ልግባ። ዛሬ በሕንድ ማሳደጊያ መክፈት እንደ ራማባይ ዘመን ልጅ ሰብስቦ በባቡር መምጣት አይደለም። የ2015 የሕፃናት ፍትሕና እንክብካቤ ሕግ ማንኛውም ማሳደጊያ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። መንገድ ላይ ያገኘኸውን ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ለወረዳው የሕፃናት ደኅንነት ኮሚቴ ማቅረብ አለብህ፤ የት እንደሚያድር የሚወስነው ኮሚቴው ነው። ጥቃት እንደደረሰ ያወቀ ሰው ለፖሊስ ሳያመለክት ዝም ቢል በ2012 በወጣው ሕግ ያስጠይቀዋል። የልጁን ማንነት በመገናኛ ብዙኃን መግለጥም ክልክል ነው፤ ስለዚህ የሚያለቅስ ሕፃን ፎቶ ከነስሙ አውጥቶ ገንዘብ መለመን ነውርም ወንጀልም ሆኗል። እነዚህን ሕጎች እንደ እንቅፋት የሚያዩ አስተዳዳሪዎች አሉ። እኔ አልስማማም። መዝገብ የሌለው ማሳደጊያ ውስጥ የጠፋን ልጅ ማንም አይፈልገውም።

ሕጉ ከሁሉ በላይ የሚለው ግን ሌላ ነው፦ ማሳደጊያ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ከቤተሰብ፣ ከዘመድ፣ ከአሳዳጊ ቤተሰብ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው ልጅ ወደ ማሳደጊያ የሚገባው። ምክንያቱም በዓለም ዙሪያ እንደታየው በማሳደጊያ ከሚኖሩት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። «ወላጅ አጥ» ተብሎ የተመዘገበው ልጅ እናት ጎዳና ዳር ድንጋይ ትፈልጣለች፣ ወይም በሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ልጇን የሰጠችው ስለማትወደው አይደለም። ማሳደጊያው ውስጥ ሦስት ጊዜ ይበላል፣ በእንግሊዝኛ ይማራል፣ ጫማ አለው። እሷ ዘንድ ቢሆን ይህ ሁሉ የለም። እንግዲህ የምንጠይቃት ልጇንና የልጇን ትምህርት እንድታማርጥ ነው! ለዚያ ልጅ አልጋ ለመሥራት፣ ሞግዚት ለመቅጠር፣ ሌሊት ዘበኛ ለማቆም የምናወጣው ገንዘብ ለእናትየው የቤት ኪራይና ለልጁ የትምህርት ቤት ምሳ ቢውል ልጁ እቤቱ ያድር ነበር። የሕንድ መንግሥት ራሱ ይህን ተረድቶ፣ ልጁ ከቤተሰቡ ሳይወጣ እንዲያድግ በወር 4,000 ሩፒ የሚሰጥበት መርሐ ግብር አለው።

ችግሩ ያለው ለጋሹ ጋ ጭምር ነው። ለጋሽ ሕንፃ ይወዳል። ስሙ የተጻፈበት ማደሪያ፣ ተሰልፈው የሚዘምሩ ልጆች ማየት ይወዳል። አንዲት እናት ልጇን ለብሶ በልቶ ወደ ትምህርት ቤት ስትልከው ፎቶ የሚያነሳ የለም። እናንተ ለጋሾች፣ በትልቅ አክብሮት እለምናችኋለሁ፤ ማሳደጊያ ልትጎበኙ ስትሄዱ «ስንት ልጅ አላችሁ?» አትበሉ። «ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ወደ ቤተሰቡ መለሳችሁ?» በሉ። አስተዳዳሪው የሚሠራው ለተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ብቻ መቆምም በሕንድ አደገኛ ሆኗል። በ2020 የተሻሻለው የውጭ እርዳታ ሕግ ገንዘቡ ሁሉ ኒው ዴልሂ ባለ አንድ የመንግሥት ባንክ ቅርንጫፍ በኩል እንዲገባ አዝዟል፤ ለአስተዳደር የሚወጣውን ከ50 በመቶ ወደ 20 በመቶ አውርዷል። በ2017 ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት ከውጭ ገንዘብ እንዳይልክ ስለተከለከለ ከሕንድ ወጣ፤ ከ140,000 በላይ ልጆች ድጋፋቸው ተቋረጠ። በ2021 መጨረሻ ማዘር ቴሬዛ የመሠረቱት ማኅበር እህቶች እንኳ ከውጭ ገንዘብ የመቀበል ፈቃዳቸው ሳይታደስ ቀርቶ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ተመለሰላቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ አስተዳዳሪው ቢሮ ውስጥ ይጨነቃል፤ ልጁ ግን ራቱን ያጣል። የቻቫራ የእፍኝ ሩዝ ለዚህ ነው ዛሬም የሚያስፈልገው። የሰፈሩ ሰው ከሚበላው ላይ የሚያካፍለው ትምህርት ቤት በአንድ ደብዳቤ አይዘጋም።

የእምነትን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ክርስቲያን በክርስቶስ ስም ድሃ ልጅ ሲያስተምር ስሙን እንዲደብቅ አልፈልግም። የራማባይ በር ክፍት መሆን ነበረበት ባይ ነኝ። ነገር ግን የሚበላውን ከእጅህ የሚጠብቅ ልጅ እምቢ ሊልህ አይችልም፤ እምቢ ማለት የማይችል ሰው ደግሞ እሺታው አይታመንም። ስለዚህ ነጻነቱን የመጠበቅ ግዴታ የአሳዳጊው ነው። ያልጸለየ ልጅ ወጡ እንዳይቀጥንበት፣ ያልተጠመቀ ልጅ ከኮሌጅ ዝርዝር እንዳይወጣ፣ የሂንዱዋ እናት በዓል ሲሆን ልጇን ወደ ቤቷ ልትወስድ ስትመጣ ፊት እንዳትነሳ። ጥምቀት ይቆይ። አድጎ፣ የራሱን እንጀራ እየበላ፣ ከፈለገ ይምጣ።

ይህን የምለው ለሕሊና ብቻ አይደለም፤ በሕንድ ውስጥ ሒሳብም አለበት። ቀድሞ «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩት ዳሊቶች በመንግሥት ሥራና በከፍተኛ ትምህርት የተያዘላቸው ድርሻ አላቸው። በ1950 የወጣው የመንግሥት ትእዛዝ ይህን መብት በመሠረቱ ለሂንዱ ዳሊቶች ሰጠ፤ ሲኮች በ1956፣ ቡድሂስቶች በ1990 ተጨመሩ። ክርስቲያንና ሙስሊም ዳሊቶች አሁንም የሉበትም። የተጠመቀ የዳሊት ልጅ ጎረቤቱ እንደ ድሮው ይንቀዋል፣ መንግሥት ግን ዳሊት አይደለህም ይለዋል። ይህ በደል ነው፤ የሕንድ ክርስቲያኖች ለብዙ ዓመታት እየተሟገቱበት ነው። እስኪስተካከል ድረስ ግን የዳሊት ልጅ የሚያጠምቅ ሰው ልጁ የሚያጣውን ነገር ሳይደብቅ ሊነግረው ይገባል። የልጅን ዕድል በማያውቀው ነገር ማስፈረም ፍቅር አይደለም። በዚያ ላይ ኦዲሻ በ1967፣ ማድያ ፕራዴሽ በ1968፣ ሌሎችም ግዛቶች በተከታታይ በጥቅም ወይም በማስገደድ ሃይማኖት ማስለወጥን የሚከለክል ሕግ አውጥተዋል። ሕጎቹ ንጹሑን ሰው ለማሳደድ ሲውሉም ታይቷል። እንግዲያው እጁ ንጹሕ የሆነ ትምህርት ቤት ብቻ ነው ፍርድ ቤት ፊት ቀና ብሎ የሚቆመው።

የመጨረሻው ነጥቤ የአሥራ ስምንት ዓመቱ ጉዳይ ነው። ልጁ 18 ሲሞላው በሕግ ከማሳደጊያው ይወጣል። ሕጉ ከዚያ በኋላ እስከ 21 ዓመት ድጋፍ እንዲያገኝ ቢፈቅድም ብዙ ቤት ይህን አይሠራበትም። የልደት በዓል፣ የስፌት መኪና፣ መልካም ምኞት፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ቤት ተከራይታ የማታውቅ፣ ዋስ የምትጠራው ዘመድ የሌላት፣ ሠርጓ ላይ ማን እንደሚቆምላት የማታውቅ ናት።

ስለዚህ ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ይጀመር። የመታወቂያና የልደት ወረቀቷ ይሟላ፤ አባቷ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ልጅ ለዚህ ዓመታት ይፈጅባታል። የባንክ ደብተር ይከፈትላት፤ በራሷ ታውጣ፣ በራሷ ታስገባ። ገበያ ትሂድ፣ ትከራከር፣ ተታላ ትመለስ። አክስትም ሆነ የእናት ጎረቤት፣ የሩቅ ዘመድም ቢሆን ይፈለግላት፤ በበዓል ትሂድ፣ ትምጣ። ከወጣች በኋላ ሦስት ዓመት ስልክ የሚደውልላት አንድ ሰው በስም ይመደብላት፤ «ቢሮው» ሳይሆን አንድ ሰው። ራማባይ ተማሪዎቻቸውን አስተማሪ አድርገው በሥራው መካከል ያቆዩዋቸው ለዚህ ይመስለኛል፤ የሚሄዱበት ከሌለ የሚያስፈልጉበት ቦታ እንዲኖራቸው።

የእኔ ንግግር እዚህ ላይ ያበቃል። የቀረውን ጊዜ ማሳደጊያና ትምህርት ቤት ለምትመሩት ትቼዋለሁ። በተለይ ከእናንተ ቤት የወጡት ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ የሚያሳይ መዝገብ ያላችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ እናንተ ብትናገሩ እወዳለሁ።